የጋሉስ ሁለት ፍሪጆች

የጣሂራ ፍሪጅ የተበላሸው በነሐሴ ወበቅ፣ የጓደኛዋ የነቢላ ልጅ ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እንዲያውም ተበላሸ ለማለትም ያስቸግር ነበር። መብራቱ ይበራል፤ በሩ ላይ ያለው ቁጥር አራት ዲግሪ ይላል። ጣሂራ ግን ጠዋት ወተት ልታወጣ እጇን ስትሰድ ቅዝቃዜ አልተቀበላትም።

“ዐሊ! ና እስኪ እጅህን አስገባ።”

ባሏ ዐሊ ከኤርፖርት የሻንጣ ሥራው ገና መግባቱ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ ቁጥሩን አየ።

“አራት ይላል እኮ።”

“ቁጥሩን ተወው። እጅህ ምን ይላል?”

እጁን አስገብቶ ትንሽ አቆየው። “እጄ ሌላ ነው የሚለው” አለ።

ጣሂራ በትምህርት ቤት ካንቲን ወጥ ቤት የምትሠራ፣ ትምህርት ለክረምት ሲዘጋ ደግሞ የሠርግና የልደት ምግብ እየታዘዘች የምታዘጋጅ ሴት ናት። ደሴ ተወልዳ ግማሽ ዕድሜዋን ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ውስጥ ኖራለች። አንድ ጠባይ አላት፦ ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ሲዘገይ ሰው ሁሉ በመዘግየቱ ይናደዳል፤ እሷ የምትናደደው ለምን እንደዘገየ ስላልነገሯት ነው። የዚያን ቀን ግን ለምን ብላ የምትጠይቅበት ጊዜ አልነበራትም። ለሳምቡሳውና ለወጡ የተዘጋጀው ሥጋ በሳህን በሳህን ተደርድሮ ማላብ ጀምሯል። የነቢላ ፍሪጅ በመጠጥ ተሞልቷል። የቀራት አንድ በር ነው፤ ከታች፣ ምድር ቤት፣ የአቦይ ሳሕለ።

አቦይ ሳሕለ በሆስፒታል አልጋና በሽተኛ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛን የተማሩት አስመራ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ ዛሬም እንደ መጽሐፍ ነው የሚናገሩት። ጣሂራ ከእሳቸው ጋር ከደረጃ ላይ ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራትም። በሩን አንኳኩታ ሲከፍቱላት የመጣችበትን ነገር ለመናገር ተጨነቀች።

“አቦይ ሳሕለ፣ ፍሪጄ ተበላሸብኝ። የሠርግ ሥጋ ይዣለሁ። ግን ፍልሰታ ላይ መሆንዎን አውቃለሁ፤ ሥጋውም ደግሞ የእኛ እርድ ነው። ቤትዎ ማስገባቱ...”

“ጾም የሚፈርሰው በአፍ ነው እንጂ በፍሪጅ አይደለም” አሏት። “አምጪው። እንዲያውም ፍልሰታ ባይሆን ኖሮ ቦታ አላገኝልሽም ነበር። አሁን ከቲማቲምና ከቃሪያ በቀር ምን አለበት?”

ፍሪጃቸው ቁመቱ ከደረት አያልፍም። ነጭ የነበረው ቀለሙ ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል። የበሩ እጀታ እንደ ድሮ መኪና እጀታ ወፍራም ብረት ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ላዩ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። ቤቱን ሲከራዩ አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ትተውት የሄዱት ነው። “ሊዋም ሳትወለድ እዚሁ ነበር” አሉ፤ ሊዋም ልጃቸው ናት፤ አሁን ሪድበርግ ባለው ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ኬሚስት ሆናለች።

ጣሂራ ሥጋውን እየደረደረች እጇን ከኋላ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል።

“ተበላሽቶ ያውቃል?”

“እኔ እስከማውቀው ድረስ አንድም ቀን።”

በእነዚያ ሁለት ቀናት ሞተሩ ዕረፍት አላደረገም። አቦይ ሳሕለ በራሳቸው ቤት አስታማሚ ሆኑ፤ ዳር ዳሩን ይዞሩታል፣ ጎኑን በመዳፋቸው ይነኩታል፣ ጣሂራ ሥጋ ልትወስድ ስትመጣ “ቶሎ ዝጊው፣ ትንፋሹ እየወጣ ነው” ይሏታል። ሥጋው ሳይነካ ለሠርጉ ደረሰ። ሳምቡሳው አልበቃ ብሎ ሰው ትሪውን ሲፈልግ አመሸ፤ ነቢላም እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች።

ከሠርጉ በኋላ ጠጋኙ መጣ። ረጅም፣ ትሕትና ያለው ጎልማሳ ነው። በሩን ከፈተ፣ ቁጥሩን አየ፣ አንድ መሣሪያ አስጠግቶ አነበበ፤ ጣሂራ ሻይ ሳታቀርብለት ጨረሰ።

“ፕላቲነው ነው” አላት፤ ፍሪጁን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። “መቀየር ይቻላል፤ ግን ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከአዲስ ፍሪጅ ዋጋ ግማሹን ያልፋል። አልመክርሽም። አራት ዓመት አገልግሏል፤ ለዘንድሮ ፍሪጅ መጥፎ አይደለም።”

“ለምን ተበላሸ?”

ሰውየው ሣጥኑን እየዘጋ ቆም አለ። “እሱን አላውቅም። የእኔ ሥራ ዕቃ መቀየር ነው። ለምን የሚለውን ለማየት ጊዜ አይሰጡኝም። ወደሚቀጥለው ቤት መሄድ አለብኝ” አላት። ንግግሩ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ይመስል ነበር። ለአንፋርቱ፣ ለመምጣቱ ብቻ፣ የሳምንት አስቤዛ የሚሆን ገንዘብ ተቀብሎ ሄደ።

ዐሊ የዚያኑ ዕለት በስልኩ አዲስ ፍሪጅ ማየት ጀመረ። ጣሂራ ግን “ለዘንድሮ ፍሪጅ መጥፎ አይደለም” የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። “ትንሽ ታገሠኝ” አለችው። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላ በሮቹን ከፍታ፣ የተረፋትን ምግብ ይዛ እንደገና ወደ አቦይ ሳሕለ ወረደች።

ሊዋም አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ጀርመንኛው ይቀድማታል። ከቦርሳዋ ነጭ ነገር አውጥታ በሶኬቱና በፍሪጁ መካከል ልትሰካ ስትል አባቷ እጇን ይዘዋል።

“ምንድን ነው?” አለች ጣሂራ።

“ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚበላ የሚለካ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ነው የተዋስኩት፤ ዕቃም ያውሳሉ። ባለፈው ዓመትም አምጥቼ ነበር፤ ፓፓ እምቢ አሉ።”

“አዎን እምቢ አልኩ” አሉ አቦይ ሳሕለ። “በቤት ውስጥ ሲያገለግል የኖረ ሰው ስንት እንጀራ በላ ተብሎ ይቆጠርበታል?”

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ አቦይ ሳሕለ ቆጣ ብለው ስለ ድሮ ዕቃ ጥንካሬ መናገር ጀመሩ፦ ብረቱ ብረት ነበር፣ ሠሪውም ያፍር ነበር፣ የአሁኑ ሁሉ ፕላስቲክና ቁጥር ነው። ጣሂራ በጥሞና ሰማቻቸው። የእሷ ፍሪጅ ምን ላይ እንዳለ እያወቀች ምን ብላ ትከራከራለች? ቢሆንም አንድ ነገር ቆረቆራት።

“አቦይ ሳሕለ፣ እርስዎ እዚህ ሲገቡ በዚህ ሕንፃ ሁሉም ቤት ፍሪጅ ነበረው?”

“እንዴታ!”

“እነዚያ ሁሉ የድሮ ናቸው። የት ደረሱ?”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። መስኮቱን፣ ከዚያም ግቢውን፣ ጎረቤቱ የተጣለ ዕቃ የሚያወጣበትን ጥግ ተመለከቱ።

“ተሸክሜ አውጥቻቸዋለሁ” አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ውስጥ መገረም ነበረ። “የሦስተኛው ፎቅ ሰውዬን ፍሪጅ ከወንድሜ ከዘርእዝጊ ጋር ሆነን ለሽፔርሙል፣ ትልልቅ የተጣለ ዕቃ ለሚሰበስቡት፣ አውርደናል። የፖርቱጋሎቹንም። የዚያች ነርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ብዙ ናቸው። ረስቻቸው ነበር።”

“ስለዚህ የድሮ ሁሉ ጠንካራ አልነበረም” አለች ሊዋም ቀስ ብላ። “የቀረውን ብቻ ነው የምናየው።”

አቦይ ሳሕለ የሴት ልጃቸውን እጅ ለቀቁ። “ሰኪው” አሏት። “አሁን እኔም ማወቅ ፈለግሁ።”

በማግስቱ ጠዋት ጣሂራ ወጥ ቤት ስትገባ እግሯ ረጠበ። ከፍሪዘሩ በር ሥር ውሃ ወርዶ እስከ ምድጃው ደርሷል። ጠረገችው፤ ጨርቁን ጨምቃ ስትመለስ ሌላ ውሃ ወርዷል። በባልዲ ስትለቅም ቆይታ በድንገት ቀና አለች።

“ዐሊ፣ ይሄ ፍሪጅ ስንገዛው በረዶ አይሠራም አላሉንም?”

“አዎ። ኖ-ፍሮስት ነው ተብሎ አይደል በዚያ ዋጋ የወሰድነው።”

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?”

ዐሊ ሌላ ባልዲ አመጣላት። ማታ፣ ውሃው ሲያበቃ፣ ሶኬቱን መልሳ ሰካችው። ፍሪጁ ከውስጥ እንደ ንፋስ የሚሰማ ድምፅ አሰማና ማቀዝቀዝ ጀመረ፤ እራት ሳይነሳ ወተቱ በረደ። ዐሊ ተደስቶ “ተሻለው!” አለ። ጣሂራ ግን ደስታው አልያዛትም። ሰሌዳው ከሞተ እንዴት ተነሣ? ካልሞተስ ያ ሰውዬ ምን አይቶ ነው?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ሞቀ። ይህን ጊዜ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ስትጠብቀው የነበረ እንግዳ የመጣ ያህል ሆነላት። ለሊዋም ደወለችላት፤ ሊዋምም ከሪድበርግ በኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ መጣች። ፍሪጁን ነቅለው፣ የፍሪዘሩን መሳቢያዎች አውጥተው፣ ከኋላ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ብሎን ፈትተው ሲያነሱት ሁለቱም አብረው “ኦ!” አሉ።

ከሽፋኑ ጀርባ ግድግዳ ሙሉ በረዶ ቆሟል። ቧንቧዎቹን ውጧቸዋል፤ መሐሉ ላይ ያለች ትንሽ ማራገቢያ ክንፎቿ በበረዶው ተይዘው ቀርታለች።

“ቆይ” አለች ሊዋም በጉልበቷ ተንበርክካ። “ብርዱ የሚሠራው እዚህ ነው ማለት ነው። ማራገቢያዋ ናት ወደ ላይኛው ክፍል የምታደርሰው። እሷ ስትያዝ ላይኛው ይሞቃል፤ በሩ ላይ ያለው ቁጥር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚለው መሰለኝ።”

“በረዶ የማይሠራ ነው ተብሎ አልነበር?”

“በረዶማ ሁሌም ይሠራል መሰለኝ፤ ግን በየጊዜው የሚያቀልጠው ነገር መኖር አለበት። እቺ ከሥሩ ያለችው ሽቦ ማሞቂያ ትመስላለች።” ጣቷን በቧንቧው ላይ ወደተቆነጠጠች የአዝራር መልክ ያላት ነገር ጠቆመች። “እቺን ግን አላወቅኳትም። እኔ ኬሚስት ነኝ፤ ከዚህ በላይ የምናገረው በግምት ነው።”

“ማሞቂያው መቼ እንደሚነሳ ማን ነው የሚነግረው?” አለች ጣሂራ።

ሁለቱም አዝራሯን አዩዋት።

ኖርድኤንድ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ የሰበካ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት የጥገና ካፌ አለ፤ ጠጋኞቹ በነፃ የሚሠሩ ናቸው። ፍሪጅ በትራም አይጫንም። በረዶውን ካቀለጡ በኋላ አዝራሯን ከነሽቦዋ ከመሰኪያዋ ነቅለው፣ በማርማላታ ጠርሙስ ይዘዋት ሄዱ። አቦይ ሳሕለም ኮፍያቸውን አድርገው ተከተሏቸው። ሊዋም “ፓፓ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ?” ስትላቸው “ልሰማ” ብለው መለሱ።

የተቀበሏቸው ፀጉራቸውን በእርሳስ የጠቀለሉ አሮጊት ጀርመናዊት ነበሩ። አዝራሯን አገላብጠው አዩና ደስ አላቸው። ከካፌው ወጥ ቤት በረዶና ጨው በብርጭቆ አስመጥተው አዝራሯን ውስጡ ነከሯት፤ ሁለቱን ሽቦዎች ከመለኪያ ጋር አገናኙ።

“ውስጧ ሁለት የተጣበቁ ብረቶች አሉ” አሏቸው። “ሲበርዳቸው እኩል አይጨማደዱም፤ ስለዚህ ይታጠፉና መንገዱን ይዘጋሉ፤ ለማሞቂያው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ያኔ ነው። ጤነኛ ከሆነች አሁን መለኪያው ይጮሃል።”

ጠበቁ። ሴትዮዋ ጨው ጨመሩ። አቦይ ሳሕለ ጆሯቸውን ወደ ብርጭቆው አስጠጉ። መለኪያው አልጮኸም።

“ሞታለች” አሉ ሴትዮዋ። “ሰሌዳው ማሞቂያውን ሲያዝ ኖሯል፤ ትእዛዙ እዚህ እየደረሰ ይቆማል።”

“ጠጋኙ ታዲያ ለምን ሰሌዳ አለኝ?”

“ማሞቂያው እምቢ ማለቱን መሣሪያው ነግሮት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሰሌዳው ይሆናል፤ ሽፋኑን ለመፍታት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ጊዜ አለን።” ከዚያም ጣታቸውን አነሱ። “የማቀዝቀዣ ጋዝ ያለባቸውን ቧንቧዎች ግን እንዳትነኩ፤ ሶኬቱም ሳይነቀል ምንም እንዳትፈቱ!”

አዲሷ አዝራር በፖስታ መጣች። ዋጋዋ የአንድ ዶነር ሳንድዊች ያህል ነበር። ጣሂራ ራሷ ሰካቻት፣ ሽፋኑን መለሰች፣ ብሎኑን አጠበቀች። ከዚያ ወዲህ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ በየጊዜው ሽፋኑን ፈትታ ታያለች። ዐሊ “ምን አጠፋ ብለሽ ነው? ይሠራል እኮ!” ይላታል። እሷ የምታየው ግን ቧንቧዎቹን ነው፤ ንጹሕ፣ ትንሽ ጤዛ ብቻ ያረፈባቸው ቧንቧዎች። በረዶው የት እንደደረሰ ማወቋ ብቻ ያስደስታት ነበር።

በዚህ መሐል የአቦይ ሳሕለ ፍሪጅ ልኬት ተነበበ። ሊዋም ቁጥሩን ስታሰላ ፊቷን ላለማሳየት ጎንበስ አለች።

“ተናገሪው” አሉ አባቷ።

“ከጣሂራ ፍሪጅ ሦስት እጥፍ ይበላል፤ መጠኑ ደግሞ የእሷው ግማሽ ነው።”

አቦይ ሳሕለ ወንበር ስበው ፍሪጁ ፊት ተቀመጡ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ይልቅ የሚያውቁት ሰው ያልተናገረውን ነገር ከሌላ እንደሰማ ሰው ያዩት ነበር። “ይሄን ሁሉ ዘመን በነፃ የሚያገለግለኝ መስሎኝ!” አሉ።

በካፌው ያሉት ሴትዮ የበሩን ላስቲክ መፈተኛ ዘዴ ነግረዋቸው ስለነበር ጋዜጣ ቀድደው በበሩ መሐል ዘጉበትና ሳቡት። ወረቀቱ ያለምንም ትግል ወጣ፤ በብዙ ቦታም እንዲሁ ሆነ። ላስቲኩ ደርቋል፤ ብርዱ በዙሪያው ይሾልካል ማለት ነው። በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አለስልሰው ቫዝሊን ቀቡት። በሚቀጥለው ልኬት ፍጆታው ወረደ። ሞተሩም አልፎ አልፎ ዝም ማለት ጀመረ። ቢሆንም ከጣሂራው ከእጥፍ በላይ ነበር።

“ታዲያ አሁን የትኛው ይሻላል?” አለች ጣሂራ። ሦስቱም በአቦይ ሳሕለ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል።

ሊዋም ትከሻዋን ነቀነቀች። “አስልቼዋለሁ፤ መልሱ ይገለባበጣል። አዲስ ተገዝቶ አሥራ አምስት ዓመት ቢቆይ፣ የፓፓ ፍሪጅ በኤሌክትሪኩ ብቻ ተሸነፈ። አዲሱ በአራት ዓመቱ ቢጣልና ሌላ ቢገዛ፣ ሌላም ቢገዛ፣ የፓፓው አሸነፈ።”

“ስንት ዓመት እንደሚቆይስ ማን ያውቃል?”

“ማንም። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ስንት እንደሚበላ ይነግርሻል እንጂ ስንት እንደሚኖር አይልም።”

አቦይ ሳሕለ ብዙ ቀን አሰቡ። የሚሠራ ነገር መጣል ኃጢአት እንደሚመስላቸው ደጋግመው ተናገሩ። በመጨረሻ ያሳመናቸው የኤሌክትሪኩ ነገር አልነበረም። ብቻቸውን ወደ ኖርድኤንድ ተመልሰው ሴትዮዋን ጠየቋቸው፤ ሴትዮዋም የዚያን ዘመን ጋዝ ዛሬ መሙላት እንደማይፈቀድ ነገሯቸው። ፍሪጁ ቢያፈስ የሚያክመው የለም፤ የሚወጣውም ጋዝ ለሰማዩ ክፉ ነው። “ሳይታመም በጤናው ይሰናበት” አሉ ሲመለሱ።

አዲሱን ሲገዙ ጣሂራ አብራቸው ሄደች። ሻጩ ስክሪን ያለው፣ በስልክ የሚታዘዝ ፍሪጅ ሊያሳያቸው ሲጀምር አቋረጠችው።

“መብራቱ ሲቃጠል አምፖሉ ይወጣል?”

“አምፖሉ... ይመስለኛል።”

“የበሩ ላስቲክ ለብቻው ይሸጣል? የውስጡ ሽፋን በብሎን ነው በማጣበቂያ?”

ሻጩ ግራ ገባው። “ይቅርታ፣ ቴክኒሽያን ነሽ?”

“የካንቲን ወጥ ቤት ነው የምሠራው። እስኪ ጀርባውን አዙርልኝ።”

ሻጩ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ በርግጥም አዞረው፤ ከዚያ እሱም ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ሄዶ ጠይቆ መጣ። አንዳንዱ ላይ መልስ አገኙ፣ አንዳንዱ ላይ ፋብሪካውም አያውቅም ተባለ። አቦይ ሳሕለ ከሁሉም ቀላሉን፣ በሚሽከረከር ቁልፍ የሚሠራውንና ላስቲኩ በእጅ የሚወጣውን መረጡ። ዐሊ ቢሰማ የማያምነው ነገር ቢኖር፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆመው ማንም አለመሰልቸቱ ነበር።

ዕቃ አምጪዎቹ የድሮውን ሲያወጡ ክብደቱ አስጨነቃቸው። አቦይ ሳሕለ ደረጃው ድረስ ተከተሏቸው፤ አንዱን ሠራተኛ በጀርመንኛ ጠየቁት፦

“አሁን ምን ታደርጉታላችሁ?”

“ወደ ማፍረሻው ይሄዳል። መጀመሪያ ጋዙን ይመጥጡታል፣ ዘይቱንም። ከዚያ ይፈጭና ብረቱ ወደ አንድ በኩል፣ ፕላስቲኩ ወደ ሌላ በኩል ይለያል።”

“ጋዙን እንዴት አድርገው ነው የሚመጥጡት?”

ሠራተኛው ሳቀ። “ይሄን ያህል ዓመት ስሠራ እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን በደንብ አልገባኝም።”

“ሰው ሄዶ ማየት ይችላል?”

“ወደ ወደቡ በኩል ነው። ደውላችሁ ብትጠይቁ ማን ያውቃል!”

መኪናው ሲሄድ ጣሂራ ስልኳን አውጥታ ቦታውን እየፈለገች ነበር። አቦይ ሳሕለ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዋ ላይ አጎነበሱ።

“ማክሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ” አሏት።

“ረቡዕ ይመችዎታል?”

“ረቡዕ ይሁን።”